ቶሮንቶ ሃስኪስ፦ የኤንቢኤን በር ከፍቶ ውጪ የቀረው ቡድን

ቶሮንቶ ውስጥ፣ ካርልተን እና ቸርች የሚባሉት ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ አንድ ግዙፍ ባለ ቢጫ ጡብ ሕንፃ አለ። ዛሬ ታችኛው ወለል ሱፐርማርኬት ነው። ዳቦ፣ አትክልት፣ ሥጋ፣ አይብ ይሸጥበታል። በመደርደሪያዎቹ መሐል ስትዘዋወሩ ወለሉ ላይ አንድ ቀይ ክብ ምልክት ታያላችሁ። ብዙ ሰው ጋሪውን እየገፋ በላዩ ላይ ያልፋል። ምልክቱ የድሮው የበረዶ ሆኪ ሜዳ መሐል የት እንደነበር ያሳያል። ሕንፃው ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ይባላል። በ1931 ነው የተከፈተው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሮንቶ ያላችሁ ወገኖች ሕንፃውን ሳታውቁት አትቀሩም። የሆኪ ቤት እንደነበረም ሰምታችሁ ይሆናል። ግን ሌላም ታሪክ አለው። ዛሬ ዓለም እንቅልፉን አጥቶ የሚያየው የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ የመጀመሪያ ጨዋታ የተካሄደው እዚያ ነው። ኒውዮርክ ወይም ቦስተን አይደለም። አስተናጋጁም ቶሮንቶ ሃስኪስ የተባለ ቡድን ነበር። ይህ ቡድን አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ድጋሚ የኤንቢኤ ቡድን ለማየት 48 ዓመት ጠበቀች።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ አንድ ግራ የሚያጋባ ጉዳይ ማጥራት ያስፈልጋል። ኤንቢኤ የሚለው ስም የመጣው በ1949 ነው። ሊጉ ግን ልደቱን የሚቆጥረው ከ1946 ጀምሮ ነው። ምክንያቱም በ1946 የተመሠረተው ቢኤኤ የተባለ ሊግ ነበር፤ ሙሉ ስሙ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ነው። በዚያን ጊዜ ሌላም ዕድሜው የሚበልጥ ሊግ ነበር፤ ኤንቢኤል ይባላል። ሁለቱ ለሦስት ዓመት ተጫዋች ሲሻሙ፣ ቡድን ሲነጣጠቁ ቆዩና ኦገስት 3 ቀን 1949 ተዋሐዱ። ከውሕደቱ ኤንቢኤ ወጣ። አዲሱ ሊግ ግን የታሪክ መዝገቡን ከቢኤኤ ወረሰ። ስለዚህ ቢኤኤ ውስጥ የተቆጠረ ነጥብ ሁሉ ዛሬ የኤንቢኤ ነጥብ ነው። ሃስኪስም በዚህ ስሌት የኤንቢኤ ቡድን ይባላል፤ ስሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የፈረሰ ቢሆንም።

ቢኤኤን የመሠረቱት የቅርጫት ኳስ ሰዎች አልነበሩም። ለእኔ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። መሥራቾቹ በአብዛኛው የአዳራሽ ባለቤቶች ነበሩ። የቦስተኑ ዋልተር ብራውን፣ የኒውዮርኩ ኔድ አይሪሽ እና መሰሎቻቸው ትልልቅ አዳራሾችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ገቢያቸው በዋናነት ከበረዶ ሆኪ ነው። የሆኪ ቡድን ግን ማታ ማታ ሁሉ አይጫወትም። በቀሩት ምሽቶች አዳራሹ ጨለማ ነው። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ማሞቂያ ይፈልጋል፣ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ግብር ይከፈልበታል። ጦርነቱ በ1945 አብቅቷል። ሰው ኪሱ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አለው፤ ወጣ ማለትም አምሮታል። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኒውዮርክ ላይ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ጢም አድርጎ እንደሚሞላ ሁሉም አይቷል። እንግዲያውስ በባዶዎቹ ምሽቶች የራሳችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ቢጫወትስ አሉ። ጁን 6 ቀን 1946 ኒውዮርክ ላይ ተሰብስበው ሊጉን መሠረቱ። ፕሬዚዳንት ያደረጉትም ሞሪስ ፖዶሎፍ የተባለ ጠበቃ ነው። እሱም የአንድ ሆኪ ሊግ መሪ ነበር!

የጨዋታው ርዝመት ራሱ የዚህን ሐሳብ አሻራ ይዟል። ኮሌጅ ውስጥ 40 ደቂቃ ነበር የሚጫወቱት። አዲሱ ሊግ 48 አደረገው። ሰው ከፍሎ ሲገባ ምሽቱ የሞላ እንዲሆንለት ታስቦ ነው። ዛሬም ኤንቢኤ 48 ደቂቃ የሚጫወተው በዚያ ምክንያት ነው።

11 ከተሞች ገቡ። አሥሩ አሜሪካ ውስጥ ናቸው፤ አሥራ አንደኛዋ ቶሮንቶ።

ቶሮንቶ የገባችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ አላት። ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የካናዳ ሕዝብ ግን ልቡ ሆኪ ላይ ነው። ቅርጫት ኳስ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ይጫወቱታል እንጂ ትኬት ገዝተው የሚያዩት ነገር አልነበረም። ይህን ሳስብ ሁሌም የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ ካናዳዊ ነው። የተወለደው አልሞንት በምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ነው፤ ቶሮንቶም ኦንታሪዮ ውስጥ ናት። በ1891 አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሲያስተምር የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ግድግዳ ላይ አንጠልጥሎ ጨዋታውን ጀመረ። ልጁ ውጭ አድጎ ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ የሚያውቀው ሰው ጠፋ እንደማለት ነው።

ሃስኪስ የሚለው ስም በሰሜኑ በረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ ከሚጎትቱት ውሾች የተወሰደ ነው። ቡድኑን ያቋቋሙት ጥቂት ባለገንዘቦች ናቸው። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው ሉ ሄይማን ነው። ሄይማን ግን የካናዳ ፉትቦል (እግር ኳስ ሳይሆን የአሜሪካኑን ፉትቦል የሚመስለው ጨዋታ) ሰው ነበር። ቶሮንቶ አርጎናውትስን አሠልጥኖ ሦስት ጊዜ፣ በ1933፣ በ1937 እና በ1938 የግሬይ ካፕ ዋንጫ አንሥቷል። በዚያው በ1946 ደግሞ ሞንትሪያል ላይ አሉዌትስ የተባለውን የፉትቦል ክለብ ሲያቋቁም ነበር። አንድ ሰው፣ በአንድ ዓመት፣ በሁለት ከተማ፣ ሁለት አዲስ ቡድን።

አዳራሹ ደግሞ የሃስኪስ አልነበረም። የሆኪው ቡድን የሜፕል ሊፍስ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ የሆኪ ነው፤ አገሩ በሙሉ ሬዲዮ ከፍቶ የሚጠብቀው ምሽት ነው። ሃስኪስ ተከራይ ሆኖ የተረፈውን ቀን ይወስዳል። እንጨቱ ወለል በበረዶው ላይ ይነጠፋል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይነሣል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዓርብ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1946 ተቀጠረ። በእኛ ጥቅምት 22 ቀን 1939 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ተጋጣሚው ኒውዮርክ ኒክስ ነው። አዘጋጆቹ ሰው እንዳይጠፋ ፈርተዋል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጡ። የቡድኑን ረጅም ተጫዋች፣ ጆርጅ ኖስትራንድን፣ ፎቶ አሳዩ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም ነው። ከኖስትራንድ የሚረዝም ሰው ከመጣ በነፃ ይገባል ተባለ። ለሌላው ሰው ትኬቱ ከ75 ሳንቲም እስከ 2 ዶላር ከ50 ነበር። እኔ ይህን ማስታወቂያ እወደዋለሁ። ጨዋታውን ለማያውቅ ሕዝብ መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ቁመት ማስተዋወቅ ነበረባቸው ማለት ነው።

የኒክስ ተጫዋቾች በባቡር ነው የመጡት። ድንበር ላይ የገጠማቸውን ሲተርኩ ኖረዋል። ፈታሹ እነዚህ ሁሉ ረጃጅም ልጆች ምን እንደሆኑ ጠየቀ። የኒውዮርክ ኒክስ ነን አሉት። ሰውዬው የሚያውቀው የኒውዮርክ ሬንጀርስን፣ የሆኪውን ቡድን ነው። እንደነሱ ናችሁ ወይ አላቸው። የለም፣ እኛ ቅርጫት ኳስ ነን አሉ። እሱም እዚህ አካባቢ ጨዋታችሁን የሚረዳላችሁ ብዙ ሰው አታገኙም ብሎ አሳለፋቸው።

ያም ሆኖ 7,090 ሰው መጣ። ለማይታወቅ ሊግ፣ ለማይታወቅ ቡድን መጥፎ አይደለም።

አሁን ያን የመጀመሪያ ቅርጫት አስቡት። ኒክስ ኳሱን ይዘዋል። ኦሲ ሼክትማን የሚባል የኒውዮርክ ልጅ ለጓደኛው አቀብሎ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ። ኳሱ ተመለሰለት። በሁለት እጁ፣ ከታች ወደ ላይ አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ አስገባው። ሁለት ነጥብ። የኤንቢኤ የመጀመሪያው ሁለት ነጥብ ያ ነው። የዛሬውን ዝላይና ኳሱን ከላይ ቅርጫት ውስጥ መክተት ለለመደ ዓይን ምንም አይመስልም። ያኔ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ኳሱንም ለማስታወሻ ያስቀመጠ የለም። ሼክትማን ራሱ የመጀመሪያውን ነጥብ እንዳስቆጠረ ያወቀው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በ2013 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ጋዜጦች ሁሉ የጻፉለት ለዚያች አንድ ቅርጫት ነው።

ጨዋታው ጥሩ ጨዋታ ነበር። እረፍት ሲወጡ ኒክስ 37 ለ29 ይመሩ ነበር። የሃስኪስ ዋና ሰው ኤድ ሳዶውስኪ ነው። ግዙፍ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቅርጫት ሥር ከቆመ የሚያነቃንቀው የለም። እሱ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነው። 18 ነጥብ አስቆጠረ፤ በዚያ ምሽት ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው። ግን ሁለተኛው አጋማሽ በተጀመረ በሦስት ደቂቃ ውስጥ አምስተኛ ፋውል ሠርቶ ወጣ። ያኔ ወሰኑ አምስት ነበር። በእሱ ምትክ ያ ማስታወቂያ ላይ የወጣው ኖስትራንድ ገባ። ደግሞም ሃስኪስን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ያደረገውን ቅርጫት ያስቆጠረው እሱ ሆነ። ሦስተኛው ሩብ 48 ለ44 በሃስኪስ መሪነት አለቀ። መጨረሻው ላይ ግን ኒክስ ተረጋግተው 68 ለ66 አሸነፉ። በሁለት ነጥብ!

ከዚያ በኋላ የቤቱ ነገር ተበላሸ።

ሳዶውስኪ 12 ጨዋታ መርቶ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ከዚያ ቡድኑን ጥሎ ሄደ። አሠልጣኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይቀጠር ነበር። እሱ ግን ዋናው ተጫዋችም ነው። አሠልጣኙም ኮከቡም በአንድ ቀን ጠፉ። ኋላ ለክሊቭላንድ ቡድን ተሰጠ፤ በልዋጩ ሌሎች ተጫዋቾች መጡ። ሄይማን ራሱ ለአንድ ጨዋታ አሠልጣኝ ሆነ፤ ተሸነፈ። ቀጥሎ ዲክ ፊትዝጄራልድ ሦስት ጨዋታ መርቶ ሁለቱን አሸነፈ። በመጨረሻ ሬድ ሮልፍ የሚባል ሰው ተቀጠረ። ሮልፍ ዝናው በቤዝቦል ነው፤ የኒውዮርክ ያንኪስ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። እሱም 17 አሸንፎ 27 ተሸነፈ። አራት አሠልጣኝ በአንድ ዓመት።

የጨዋታው መልክም ተመልካች የሚስብ አልነበረም። ያኔ ኳስ ይዘህ እስከፈለግህ ድረስ መቆየት ትችላለህ። ቡድኖችን በ24 ሴኮንድ ውስጥ እንዲተኩሱ የሚያስገድደው ደንብ የመጣው በ1954 ነው። የሦስት ነጥብ መስመርም የለም፤ እሱ በ1979 ነው የተጀመረው። በዚያ ዓመት በሊጉ በሙሉ ከአሥር ሙከራ ሦስቱ እንኳ አይገባም ነበር። ለሆኪ ፍጥነት የለመደ የቶሮንቶ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

አንድ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። በዚያ ዓመት በቢኤኤ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ኒውዮርክ ሬነሳንስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን በ1939 ቺካጎ ላይ የዓለም ፕሮፌሽናል ውድድርን አሸንፏል፤ አዲሱ ሊግ ግን ቦታ አልሰጠውም። በዚያው በ1946 ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለሞንትሪያል ቡድን ቤዝቦል ሲጫወት የካናዳ ሰው በእልልታ ነበር የሚያጅበው። ማለትም ችግሩ ካናዳ ውስጥ ተመልካች አይቀበላቸውም የሚል አልነበረም። ለጥቁር ተጫዋቾች በሩ የተከፈተው በ1950 ነው። ሃስኪስም ሆነ ሌሎቹ የፈረሱት ቡድኖች በጊዜው ከነበሩት ምርጥ ተጫዋቾች ብዙዎቹን ሳይጠቀሙባቸው ነው የጠፉት።

የአገር ልጅም ቢሆን አልተገኘም ማለት ይቻላል። ካናዳ ያደጉ ሁለት ተጫዋቾች፣ ሃንክ ቢያሳቲ እና ጂኖ ሶቭራን፣ ለጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ተሰለፉ። ሁለቱም ከዊንዘር ናቸው፤ ከዲትሮይት ወንዝ ማዶ ካለችው ከተማ። የቀሩት ሁሉ ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። የቶሮንቶ ተመልካች «የእኛ ልጅ» ብሎ የሚጮኽለት ሰው አጣ።

ወደ መጨረሻው ደግሞ የከተማው ትኩረት ጨርሶ ወደ ሆኪ ዞረ። በ1947 የፀደይ ወራት ሜፕል ሊፍስ የሆኪውን ዋንጫ፣ የስታንሊ ካፕን፣ ወሰዱ። ተከራዩ ቡድን ሲሸነፍ ባለቤቱ ቡድን ዋንጫ ያነሣል። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው ይህ ነው።

ሃስኪስ 60 ጨዋታ አድርጎ 22 አሸነፈ፣ 38 ተሸነፈ። ወደ 100,000 ዶላር እንደከሰረ ይነገራል። ለማነፃፀር ያህል፣ በዚያ ዓመት አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ ሊከፍል የሚችለው ጣሪያ 55,000 ዶላር ነበር። ኪሳራው ከተጫዋቾች ደመወዝ በላይ ነው ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሁለተኛ ዓመት አልሞከሩም። በጋ ላይ ቡድኑ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «ሃስኪስ ደካማ ስለነበረ ሞተ» የሚል ነው። እኔ አልስማማም። ምክንያቱን አንድ ቁጥር ያሳያል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ምድብ፣ ሌላ ቡድንም በትክክል 22 አሸንፎ 38 ተሸንፏል። ከሃስኪስ ጋር እኩል የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ያ ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ ነው። አዎ፣ ዛሬ 18 ዋንጫ ያለው ሴልቲክስ።

ልዩነቱ ምን ነበር? ሜዳ ላይ ምንም። ልዩነቱ ከሜዳ ውጪ ነው። የሴልቲክስ ባለቤት ዋልተር ብራውን ቦስተን ጋርደንን የሚያስተዳድረው ሰው ራሱ ነው። አዳራሹንም ቡድኑንም የያዘው እሱ ስለሆነ ቀኑን ራሱ ይመድባል። ግን አዳራሽ መያዝ ብቻውንም አይበቃም። ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይት እና ፒትስበርግ ከኋላቸው የአዳራሽ ሰዎች ነበሯቸው፤ እነሱም በዚያው በ1947 በጋ ከሃስኪስ ጋር ፈርሰዋል። ብራውንን የለየው መታገሡ ነው። ዓመት በዓመት ከሰረ። ቡድኑን ለማቆየት ቤቱን እስከማስያዝ ደርሷል ይባላል። ሌሎች ሒሳቡን ዘግተው ሲወጡ እሱ ቀረ። የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በ1957 ነው፤ ከዚያ አስጨናቂ ዓመት በኋላ አሥር ዓመት ቆይቶ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሃስኪስን ጥሎ የሄደው ሳዶውስኪ በቀጣዩ ዓመት የት እንደተጫወተ ታውቃላችሁ? ቦስተን ሴልቲክስ ውስጥ። የሊጉ ምርጥ አምስት ውስጥም ገባ።

ከ11ዱ መሥራች ቡድኖች እስከ ዛሬ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ሴልቲክስ፣ ኒክስ እና ያኔ ፊላደልፊያ የነበሩት፣ አሁን ካሊፎርኒያ ያሉት ዋሪየርስ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱትም ፊላደልፊያዎች ናቸው፤ ቺካጎን 4 ለ1 አሸንፈው። አራቱ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ጠፉ። የቀሩት አራቱም እስከ 1951 ድረስ አንድ በአንድ ከሰሙ። ስለዚህ ያኔ መፍረስ የተለመደ ነገር ነበር፤ የሚገርመው የሦስቱ መትረፍ ነው።

ቶሮንቶ ቡድን ያገኘችው በ1995 ነው። በዚያው ዓመት ቫንኩቨርም ግሪዝሊስ የተባለ ቡድን አገኘች። ለቶሮንቶው ቡድን ስም ሲፈለግ ሃስኪስ የሚለው ድሮ ስም ተነሥቶ ነበር። ችግሩ የውሻ ምስል ቢሠራ ከሚኒሶታው የኤንቢኤ ቡድን የተኩላ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ተባለ። በዚያን ሰሞን ዳይኖሰር በፊልም ምክንያት የልጆች ሁሉ ወሬ ነበር። እናም በአንድ የዳይኖሰር ዓይነት ስም ራፕተርስ ተባለ። የቫንኩቨሩ ቡድን በ2001 ወደ ሜምፊስ ሄደ፤ ካናዳ ውስጥ የቀረው የቶሮንቶው ብቻ ነው። በ2019 ራፕተርስ ዋንጫውን ሲያነሡ ከተማዋ በሰው ጎርፍ ተጥለቀለቀች።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ2016–17 የውድድር ዘመን፣ ያ የመጀመሪያ ጨዋታ 70 ዓመት ሲሞላው፣ ራፕተርስ በአንዳንድ ጨዋታዎች የሃስኪስን ሰማያዊና ነጭ ማሊያ ለብሰው ገቡ። ደረታቸው ላይ የተጻፈው ሃስኪስ የሚል ነው። አዳራሹ ግን ሌላ ነው። የድሮው አዳራሽ ያኔም እንደዛሬው ዳቦ፣ አትክልት፣ ሥጋ፣ አይብ ይሸጥበት ነበር።